ያነበቡትን መጽሐፍ ለባልንጀራ ስለ መንገር

በአገራችን ልማድ ሰውና ሰው በተገናኘ ጊዜ አስቀድሞ የጤናውን፥ ቀጥሎም የቤተ ሰቡን፥ የከብቱንና የአዝመራውን ነገር ይጠያየቃል። ይህ ልማድ እጅግ ያማረ ነው፤ ሰው ለሰው የሚያስብ መሆኑን ያሳያልና። በከተማ የሚኖረውና በመሥሪያ ቤት የሚውለውም ሰው እንደዚሁ የሹመቱን፥ የዝውውሩን፥ የገበያውንና የቤት ኪራዩን ወሬ ሳይጠይቅ አይውልም። ነገር ግን «በዚህ ሰሞን ምን መጽሐፍ እያነበብህ ነው፤ ከምታነበውስ ደስ ያሰኘህ ምንድር ነው» ብሎ ባልንጀራውን የሚጠይቅ ሰው ስንት ይሆናል? ለሆድና ለልብስ የሚሆነውን እንጠያየቃለን፤ ለአእምሮ የሚሆነውን ግን እያንዳንዳችን ለብቻችን እንይዘዋለን። አባቶቻችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲሉ የተናገሩት ስለ እንጀራ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። መጽሐፍንም ብቻውን አንብቦ ብቻውን የሚያስቀር ሰው ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

ስለ ንባብ ጥቅም ብዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ጻፉ፥ ያንኑ መልሰን ለመድገም አላሰብንም። የምንናገረው ከንባብ በኋላ ስለሚቀረው ሥራ ነው። ይኸውም አንባቢ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያነበውን መጽሐፍ ስሙን ጠርቶ፥ ያገኘበትንም ቁም ነገር ገልጦ ለሌላው ሊነግር ይገባዋል፤ ይህን ባያደርግ ግን ሥራውን ከእኩሌታው ላይ እንዳቋረጠ ይቈጠራል ማለታችን ነው።

የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የሚተርከውን ካህናት ሁሉ ያውቁታል። የንግሥት ህንደኬ በጅሮንድ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስም ወደ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ ንባቡን ሰማ፤ የሚያነበውንም ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው የመንግሥት ባለሟልና የገንዘብ ሹም ሲሆን፥ መንገደኛ ስለ ጠየቀው አልተቈጣም፤ መሪ እንደሚያስፈልገው ተናግሮ ከአጠገቡ አስቀመጠው እንጂ። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ጥምቀት እንተረጕመዋለን፤ መተርጐሙም የተገባ ነው። ነገር ግን ለዛሬው ነገራችን ደግሞ ሁለት ቁም ነገር ይገኝበታል። አንደኛው፥ ጃንደረባው ድምፁን አሰምቶ ባያነብ ኖሮ ፊልጶስ ምን እንደሚያነብ ባላወቀም ነበር። ሁለተኛው፥ ፊልጶስ ባይጠይቅ ኖሮ ጃንደረባው መጽሐፉን እንደ ያዘ፥ ምሥጢሩ ሳይገባው ወደ አገሩ በገባ ነበር። አንዱ ንባቡን አልሸሸገም፤ ሁለተኛውም መጠየቅን አላፈረም።

የቀድሞው ትምህርታችንም በዚሁ መንገድ የተመሠረተ ነው። በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደሉንና ዳዊቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። በመጻሕፍት ቤትም ብሉያትን፥ ሐዲሳትን፥ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን ለመማር በተሰበሰቡ ጊዜ አንዱ ደቀ መዝሙር ያነባል፤ መምህሩ «አንድም» እያለ ይተረጕማል፤ የቀሩትም ከብበው ይሰማሉ፤ ከጉባኤውም ከተነሡ በኋላ የሰሙትን እርስ በርሳቸው ይከልሱታል። ስንክሳሩም በቤተ ክርስቲያን የዕለቱ ዕለት ይነበባል። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ የቅዱሳንን ታሪክ አጥርቶ ማወቁ ሌላ ምክንያት የለውም፤ ያነበበው ሰው ስላሰማው ነው። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈጅ በነበረበት ዘመን፥ አንድ ብራና ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን ማለት የማይቻል ነበር። ኋላ ግን ማተሚያ መጣና መጽሐፍ በዛ፤ ሰውም ሁሉ የየራሱን ይዞ በየማዕዘኑ በልቡ ማንበብ ጀመረ። በልብ ማንበብ ክፉ አይደለም። ክፉው ነገር በዝምታ ያነበብነውን በዝምታ ማስቀረታችን ነው።

መጽሐፍ ዕድሜ የሚያገኘው በአንባቢዎች መቀባበል እንደ ሆነ መጽሐፈ ሄኖክ ምስክር ይሆነናል። ይህ መጽሐፍ በጥንት ዘመን በልዩ ልዩ አገር የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን በሌላው ዓለም እያደር አንባቢና ገልባጭ አጥቶ ሙሉ መልኩ ጠፋ። በአገራችን ሊቃውንት እያነበቡ፥ ደቀ መዛሙርትም እየሰሙ፥ ጸሐፊዎችም እየገለበጡ አቆዩት። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1773 ዓ.ም. ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ በገባ ጊዜ፥ የዚያ አገር ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የጠፋባቸውን መጽሐፍ በግዕዝ አገኙት። ከዚያም በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በሚገኙት በቁምራን ዋሻዎች በአራማይክ ቋንቋ የተጻፈ ቍርጥራጩ ተገኝቷል፤ ሙሉው መጽሐፍ ግን ዛሬም የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። እንግዲህ ልብ እናድርግ። ብራና በየትም አገር ያረጃል፤ እሳት ያቃጥለዋል፤ ብል ይበላዋል። ሄኖክን ለእኛ ያደረሰው አንዱ አንባቢ ለሚቀጥለው አንባቢ ማቀበሉ ነው።

ከእኛ ዘመን በቀረበው ጊዜም የዚህ አብነት አልታጣም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው ብዙ መጽሐፍ የደረሱ ሰው ሲሆኑ፥ የሌሎችን መጻሕፍት ስም ሰብስበው በ1904 ዓ.ም. አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም.ም ዳግመኛ አስፋፍተው አወጡት። በአገሩ ምን መጽሐፍ እንዳለ ለሰው ማስታወቅ ከመድረስ የማያንስ አገልግሎት መሆኑን ስለ ተረዱት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ፥ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ባነበበው ጊዜ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ የጉዱ ካሣን፥ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር በየቤቱ ይነጋገርበት ጀመር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም ከገበያ እንዲሰበሰብ ቢደረግ፥ አንባቢ ለአንባቢ እየነገረ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈው፤ ዛሬም ይነበባል።

በዚህ ጊዜ በየስብሰባው ከሚሰማው ክስ አንደኛው «ወጣቶቻችን አያነቡም» የሚለው ነው። እኛም ከሳሹን አንድ ነገር እንጠይቀዋለን። ልጅህ አንተ መጽሐፍ ይዘህ ስትስቅ ወይም ስታዝን አይቶህ ያውቃልን? በሥርህ ያለው ሠራተኛስ «ትናንት ማታ ይህን አንብቤ እንቅልፍ ነሣኝ» ስትል ሰምቶህ ያውቃልን? ልጅ የአባቱን አነጋገርና አረማመድ የሚማረው በትእዛዝ አይደለም፤ አይቶ ነው። ንባብንም የሚማረው እንዲሁ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሞ ወመዘክር እየተባለ ብዙ ትውልድ አስነብቧል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አብርሆት የተባለው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተከፍቷል። የእነዚህ በር መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በሩን ያለፈ ወጣት ከብዙ ሺህ መጻሕፍት መካከል የትኛውን እንደሚጠይቅ የሚያስታውቀው፥ አስቀድሞ የመጽሐፉን ስም በፍቅር የጠራለት ሰው ነው። በትልልቅ ሰዎች ቤት በመስተዋት ሣጥን ተደርድረው፥ ቍልፋቸው ከጠፋ ዘመን ያለፈው መጻሕፍትም የሚጠብቁት ይህንኑ ሰው ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አንደኛው «ያነበቡትን መናገር ውዳሴ ከንቱ ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል ከትሕትና ከመጣ ይከበራል። ነገር ግን «ይህን ያህል መጽሐፍ አንብቤአለሁ» ብሎ ቍጥር የሚቈጥር ሰው ሌላ ነው፤ «በዚህ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነገር አገኘሁ፤ አንተም እየው» የሚል ሰው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ስለ ራሱ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ መጽሐፉ ይናገራል። ሁለተኛው ተቃውሞ «መጽሐፍ ከነገርኩት ያውሰኝ ይላል፤ ካዋስኩትም አይመልስም» የሚል ነው። ይህስ ሐሰት አይደለም። የቀድሞ ጸሐፊዎች በብራናው መጨረሻ መጽሐፉን የሰረቀውንና ጽሕፈቱን የፋቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃል ያኖሩ የነበሩት ይህንን ስለሚያውቁ ነው። ቢሆንም መጽሐፉን ለንባብና ለግልበጣ ከመስጠት አልተከለከሉም። እንግዲህ የሚያውስ ሰው የተዋሹን ስምና ቀኑን በደብተር ይጻፍ፤ የተዋሰውም ሰው የመጽሐፍን ዕዳ እንደ ገንዘብ ዕዳ ይቍጠረው። ሰነፍ ተዋሽ ስላለ ለትጉው አንባቢ በር መዝጋት ግን ፍርድ ማጓደል ነው።

የአነጋገሩም ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም። መጀመሪያ፥ ሰው ሲጠየቅ በእርግጥ የሚያነበውን ይናገር። የሚያስከብረውን መጽሐፍ ስም ከጠራ ግን ሁለተኛ ጥያቄ በመጣ ጊዜ ያፍራል። ቀላል ተረት የሚያነብ ሰው ተረት አነባለሁ ቢል ነውር የለበትም። ሁለተኛ፥ «ጥሩ ነው፤ ግሩም ነው» ብሎ አያብቃ፤ ከመጽሐፉ አንድ ነገር ብቻ መርጦ ይናገር። ዛሬ በእጅ ስልክ የመጽሐፍ ሽፋን ሥዕል ለብዙ ሰው መላክ ተለምዷል፤ ሽፋኑን አይቶ ግን የጠገበ የለም። አንድ ነገር ቀምሶ የቀረውን የሚመኝ ሰው መጽሐፉን ይፈልጋል። ሦስተኛ፥ የነገረ ሰው መልሶ ይጠይቅ። የባልንጀራውን ንባብ ሳይሰማ የራሱን ብቻ የሚያወራ ሰው ከወሬኛ አይለይም።

ሌላውን ምከሩ ብሎ ራስን መሸሸግ ስለማይገባ፥ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በዚህ ሰሞን የሚያነበውን ይናገራል። መጽሐፉ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው አረፉ፤ መጽሐፋቸውም ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በድሬዳዋ በጉምሩክ ሹመት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከመጽሐፉ ይልቁንም ልብን የሚይዘው ስለ ንግድ የተናገሩት ነው። ዕውቀት የጐደለው ሕዝብ ብዙ ደክሞ ያገኘውን ጥሬ ዕቃ፥ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም በሠራው ዕቃ እንደሚለውጥ፥ ስለዚህም ንግዱ በበዛ ቍጥር ድኽነቱ እንደሚበዛ ያስረዳሉ። ደስ የሚያሰኘው፥ በጉምሩክ በር የሚያልፈውን ዕቃ ቈጥሮ ቀረጡን ተቀብሎ ዝም ማለት የሚቻለው ሹም፥ ዕቃው ስለ አገሩ ምን እንደሚናገር ማሰቡ ነው። የሚያሳዝነውም፥ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ አሳብ ዛሬም አዲስ መስሎ መታየቱ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት ይህን መጽሐፍ ያነበባችሁ እንደ ሆነ፥ የተስማማችሁበትንና ያልተስማማችሁበትን እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩበት፤ ያላነበባችሁትም ፈልጉት።

እንግዲህ ለሹማምንት የምናሳስበው ይህን ነው። በሻይ ሰዓት ከሚነገረው የሹመትና የሽረት ወሬ ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ ስለ አንድ መጽሐፍ ተነጋገሩ፤ የበታቾቻችሁንም ምን እንደሚያነቡ ጠይቁ፤ ሲመልሱላችሁም አድምጡ፤ ያላነበባችሁትን መጽሐፍ ቢነግሯችሁ ክብራችሁ አይጐድልም፤ በጅሮንዱ ሲጠየቅ ክብሩ አልጐደለምና። ለካህናትም የምንለምነው፥ በሰንበቴና በማኅበር ምእመናን በተሰበሰቡ ጊዜ ከአገልግሎቱ በኋላ በዚያ ሳምንት ካነበባችሁት አንድ ነገር ንገሩ፤ በዕቃ ቤት ተዘግተው የሚኖሩትንም መጻሕፍት ስማቸውንና ቁም ነገራቸውን ለወጣቶች አስታውቁ። ስሙን የማያውቀውን መጽሐፍ ቢሰረቅ የሚፈልገው፥ ቢበሰብስ የሚያለቅስለት ሰው የለም። በእጃችን ያለው መጽሐፍ ከእኛ ቀድሞ ያነበቡት ሰዎች ያቀበሉን አደራ ነው፤ አደራም የሚጠበቀው ለሚቀጥለው ሰው ሲደርስ ነውና፥ እያንዳንዳችን ዛሬ የምናነበውን መጽሐፍ ስም ቢያንስ ለአንድ ሰው ሳንነግር ይህን ሳምንት አናሳልፍ።