ዝናብ እንለምናለን፤ መቀበያውስ?

ዝናብ ሲዘገይ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ሽማግሌውንና ሕፃኑን ይዘን ሜዳ እንወጣለን፤ ሶላተል ኢስቲስቃእ ሰግደን፣ ኩታችንን ገልብጠን፣ አላህ እንዲያዝንልን እያለቀስን እንለምናለን። ሱና ነው፤ አንተወውም። ዱዓችን ተሰምቶ ዝናቡ ሲመጣስ? ከመስጊዳችን ቆርቆሮ ላይ ወርዶ፣ ግቢውን አጥቦ፣ በቦይ ይሄዳል። ወራት ሳይቆይ እናቶቻችንና ሴት ልጆቻችን ጀሪካን ይዘው ምንጭ ላይ ይሰለፋሉ። ስጦታውን ለምነን መቀበያውን ሳናዘጋጅ ቀረን። ይህን የምንለው ለሌላ ሳይሆን በቅድሚያ ለራሳችን፣ ለኢማሞች ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ በስብሰባ አዳራሽ ብቻ የሚወራ ነገር ይመስለን ነበር። የ1966ቱንና የ1977ቱን ክፉ ቀን ያሳለፈ የወሎ አባት ግን፣ በ2008 ዓ.ም ልጁ እንደገና ሲፈተን አይቷል፤ በዚያን ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ደግሞ በሶማሌ ክልልና በቦረና ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሳይሰምር ቀርቶ፣ አርብቶ አደሩ ከብቱን አጣ። በ2016 ዓ.ም መጸው ያው የሶማሌ ክልል በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ድርቁም ጎርፉም እየተፈራረቁ የሚመጡበት ዘመን ላይ ነን።

«የአላህ ቀደር ነው፣ ምን እናድርግ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ግን የንጉሡን ሕልም ሲፈቱ ሰባት የጥጋብ፣ ሰባት የችግር ዓመት ይመጣል ብለው ብቻ ዝም አላሉም። ከሚበላው ጥቂት በቀር እህሉ ከነዛላው እንዲቀመጥ መከሩ። ወሬውን ከነዝግጅቱ ነገሩ። በዚህ ተወኩላቸው ጎደለ የሚል ሙስሊም የለም።

ዛሬም ወሬው አስቀድሞ ይደርሰናል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በጋ፣ በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል። ይህ የጋይብ እውቀት አይደለም፤ ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድሉን የሚያመለክት ነው። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አምስት ደቂቃ ሰጥተን የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቢያስረዳን፣ ገበሬው ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ይመርጣል፤ በጉን ሳይከሳ፣ ገበያው ሳይወድቅ ይሸጣል።

ሁለተኛው መሣሪያ ከራሳችን በላይ ያለው ጣሪያ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው መስጊድ፣ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ፣ 120,000 ሊትር ይወርድለታል። ሩቡ ቢባክን እንኳ 90,000 ሊትር፣ ማለትም 4,500 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀራል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መያዝ አይቻል ይሆናል፤ በአሸንዳና በአንድ ሮቶ ግን መጀመር ይቻላል። ጣሪያውን ያጠበው የመጀመሪያው ዝናብ ይደፋ፤ ሮቶው የወባ ትንኝ እንዳይራባበት ይከደን። የሶማሌ ወንድሞቻችን ዝናቡን የሚያቆዩበትን ቢርካ ሲቆፍሩ ኖረዋል፤ እንማርባቸው።

ገንዘቡ ከየት? የዘካ ባለመብቶች በቁርኣን የታወቁ ስምንት ወገኖች ናቸው፤ ለአሸንዳ ከዚያ አንነካም። ሶደቃና ወቅፍ ግን በሩ ክፍት ነው። ዑስማን (ረ.ዐ) በመዲና የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሕዝብ ያዋሉት ለዚሁ ነበር። ከኢፍጣር ማዕዳችን አንድ ሁለት ዓይነት ብንቀንስ የመስጊድ አሸንዳ ይወጣዋል።

ያጠራቀምነውንም አናባክን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዉዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ነበር። እኛ ቧንቧ ከፍተን እያወራን እንታጠባለን። በየመታጠቢያው ጀበና ወይም ጣሳ ቢቀመጥ ሱናውም ውሃውም ይጠበቃል።

ሦስተኛው መሣሪያ ቅሬያችን ነው። ቅሬ ለሐዘን ቀን ብቻ አይደለም። ወንዝ ዳር ቤት ያለው ማነው? ብቻዋን የምትኖር እናት የትኛዋ ናት? ጎርፍ በሌሊት ቢመጣ ማን ሄዶ ያነሣታል? ይህን የሚመልስ አንድ ወረቀት በቅሬው ዳኛ እጅ ይኑር። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል ሁሉም ይጻፍ። በውሃው ጉዳይ ላይም ሴቶች ይወስኑ፤ ጀሪካኑን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና።

የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ10 ወይም 11 ቀን ስለሚያጥር ረመዳን በወቅቶች ላይ ይዞራል። በእነዚህ ዓመታት ከበልግ ጋር ገጥሞልናል። ስለዚህ ዒዱ ሳይደርስ አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ በየመስጊዱ ሁለት ወጣት መሰላል ይዘው ይውጡ፣ ጣሪያውን ይለኩ፣ በሚቀጥለው ጁሙዓ ልኩን ለጀማዓው ይንገሩ። ከዚያ በኋላ እጃችንን ስናነሣ ከእጃችን በታች መቀበያ ይኖራል።

አላህ ጾማችንን ይቀበል፤ ዝናቡን የእዝነት ያድርግልን። አሚን።