«ያለ ዳታ ይሠራል?»፦ ደብረ ታቦር ላይ ጌም የሚመረጠው በዚህ ጥያቄ ነው

ደብረ ታቦር ላይ ጌም የሚወድ ሰው አግኝታችሁ «ሰሞኑን ምን እየተጫወትክ ነው?» ብትሉት የሚጠራላችሁ ስም ብዙ አይደለም። ፔስ በፒፒኤስኤስፒፒ፣ ድሪም ሊግ፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ። ኔት ደህና ከሆነ ደግሞ ኢፉትቦል፣ ፍሪ ፋየር ወይም ፐብጂ። ሌላ ቦታ ጌመሮች የሚከራከሩት በግራፊክስና በታሪኩ ነው። እኛ ጋ ግን አንድ ጌም ሲወደስ ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ «ያለ ዳታ ይሠራል?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ያለፉት ዓመታት ታሪክ ግን እሱ ውስጥ አለ።

እናስታውስ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ጉዳይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያው በተፋፋመበት በዚያ ሰሞን በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። የቀናት ጉዳይ መስሎን ነበር፤ ለወራት ዘለቀ። ከዚያ በፊትም ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ትግራይ ደግሞ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ተቆርጣ ቆይታለች።

ዳታ ሲጠፋ ስልካችን ላይ ያሉት ጌሞች ለሁለት ተከፈሉ።

የመጀመሪያዎቹ ያለ ኔት ጭራሽ የማይከፈቱት ናቸው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ጌሙን ኢፉትቦል ሲለው በነጻ ለቀቀው፤ ስልክ ላይ ግን ሰርቨሩን ካላገኘ ከመግቢያው አያልፍም። ፍሪ ፋየርና ፐብጂም እንዲሁ። ወራት የተለፋበት አካውንት፣ አንድ በአንድ የተሰበሰበ ቡድን፣ በየቀኑ በመግባት የሚገኝ ሽልማት፣ ሁሉም በአንድ ቀን ቆመ። ዳታ ሲመለስ ሲዝኑ አልፏል፤ አዲስ አበባ ያለው ጓደኛም ጥሎ ሄዷል። ዛሬም ስለ ኢፉትቦል ስታወሩ ምስሉን የሚያደንቅ ሞልቷል፤ ወዲያው ግን «አፕዴቱ ፓኬጅ ይጨርሳል» የሚል ይከተላል። ፍሪ ፋየር ከፐብጂ ይልቅ የሚወደደውም አነስተኛ ራም ባለው ቴክኖና አይቴል ላይ ስለሚሄድ ነው።

ሁለተኛዎቹ አንዴ ከተጫኑ በኋላ ማንንም የማይጠይቁት ናቸው። እዚህ ላይ የፔስ ነገር አስገራሚ ነው። ሶኒ ፒኤስፒ የተባለውን የእጅ መጫወቻ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ፒፒኤስኤስፒፒ ደግሞ የፒኤስፒ ጌሞችን ስልክ ላይ የሚያስኬድ ነጻ አፕ ሲሆን፣ ከ2012 ጀምሮ አለ። ለፒኤስፒ የወጣው የመጨረሻው ፔስ የ2014 እትም ነው። ታዲያ ስልካችሁ ላይ ያለው «ፔስ 2025» ከየት መጣ? ኮናሚ አልሠራውም። የሠሩት አድናቂዎች ናቸው፤ የድሮውን ጌም እየከፈቱ ማሊያውን፣ ተጫዋቹንና ዝውውሩን በየዓመቱ ያድሱታል። ፈቃድ የሌለው ቅጂ መሆኑ አይካድም። ግን ፋብሪካው የተወውን ጌም በሕይወት ያቆዩት ኔት ውድ የሆነባቸው ወይም የሌላቸው ተጫዋቾች ናቸው።

መንገዱም የራሱ ነው። ዋይፋይ ያገኘ ሰው ባሕር ዳር ላይ ያወርደዋል፤ ፋይሉ በሚሞሪ ካርድ ወረታን አልፎ ደብረ ታቦር ይገባል። ከዚያ በዜንደር ወይም በሼርኢት፣ አንድ ሜጋ ባይት ዳታ ሳይበላ፣ ከስልክ ስልክ እየተሻገረ እስከ ነፋስ መውጫ ይዘልቃል። ገንዘብ ያለው ሞባይል ቤት ሄዶ ያስጭናል። አንድ ጌም እዚህ የሚታወቀው ሰው ሰጥቶ ሲያስሞክረው ነው፤ ፕሌይ ስቶር ላይ ያለው ኮከብ ብዙም አይጠቅምም። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ እንዲህ የሚዞር ኤፒኬ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል የባንክ አፕና ቴሌብር ባለበት ስልክ ላይ ዝም ብላችሁ አትጫኑ።

«ታዲያ ምን ጎደለብን?» የሚሉም አሉ። ኦፍላይን ጌም ማስታወቂያ አያበዛም፣ ዳይመንድ ግዛ ብሎ አይጨቀጭቅም። የተሸነፈ ስልኩን ለቀጣዩ እየሰጠ ጎን ለጎን ተቀምጦ መጫወትም የራሱ ጣዕም አለው። ይሄ እውነት ነው። ግን ኦፍላይን መጫወት ፈልገን ስንመርጠውና ሌላ ስናጣ አንድ አይደለም።

ጌም ቤት እንሂድ እንዳይባል እሱም ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፕሌይስቴሽኑም ጆይስቲኩም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። አንድ ጆይስቲክ ሲበላሽ ሌላ መተካት ለባለቤቱ ራስ ምታት ነው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁሉም ይበተናል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚጫወተው እጁ ላይ ባለው ስልክ ነው።

ሀገር ውስጥ ጌም የሚሠሩትስ? ቅኔ ጌምስ ከሚያሳድዳት ሰው የምትሸሽ ዶሮ ያለችበትን ኩኩሉን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። እኛ ጋም ታሪክ አይጠፋም፤ ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋት እዚሁ አጠገባችን ነው። ችግሩ ሂሳቡ ነው። ነጻ ጌም ለሠሪው ገንዘብ የሚያመጣው በማስታወቂያና ጌሙ ውስጥ በሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ሁለቱም ኔት ይፈልጋሉ። በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ጌም ሺህ ሰው ቢጫወተው ለሠሪው አምስት ሳንቲም አያስገባም። ኔት የሌለበት ቦታ ያለ ተጫዋች ለጌም ሠሪው እንደሌለ ይቆጠራል፤ እንደሌለ ለሚቆጠር ሰው ደግሞ ማንም አይሠራም።

ሰው በሞተበትና ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክልል ስለ ጌም ማውራት ቅንጦት የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። ጌሙን ያነሳነው ያልተነገረውን ነገር ስለሚያሳይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭን ጀምሯል፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በኦንላይን ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ወደ ኦንላይን እየሄደ ነው። ክፍያው ቴሌብር ሆኗል። «ያለ ዳታ ይሠራል?» ብሎ ጌም መምረጥ የለመደ ወጣት ኮርሱንም፣ ሥራውንም፣ ገንዘቡንም በዚያው ጥያቄ ቢመዝን አይፈረድበትም። ነገ ሊጠፋ ይችላል ብለን በምናስበው ነገር ላይ ጊዜያችንን አናፈስም።

ስለዚህ ዳታ ተመልሷል ማለት ብቻ በቂ አይደለም፤ ነገም እንደሚኖር ማመን መቻል አለብን። ያንን እምነት ማምጣት ያለበት ደግሞ መስመሩን የሚዘጋውና የሚከፍተው አካል ነው። እስከዚያው ፔሱ ይቀጥላል።

እናንተስ ሰሞኑን ምን እየተጫወታችሁ ነው? ያለ ዳታስ ይሠራል? ጻፉልን።