ልጆቻችን ጭድ ላይ ሲዘሉ



በደምበጫ ጤፍ ተወቅቶ ጭዱ በየጓሮው ሲከመር ልጆች ይዘሉበታል። ይዝለሉ፤ ልጅ ሳይዘል አያድግም። ነገር ግን ጭድ ውስጥ የተረሳ መንሽ ወይም ማጭድ ዓይን ያጠፋልና አስቀድመን እንፈትሽ።

በውጭ አገር በየጓሮው ትራምፖሊን የሚባል የሚያነጥር መዝለያ ይተከላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ከ100 ጉዳት 75 ያህሉ የሚደርሰው ብዙዎች ባንድ ጊዜ ሲዘሉ ነው፤ ይበልጡን የሚጎዳውም ትንሹ ልጅ ነው። ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል።

ስለሆነም ተራ በተራ ይዝለሉ። ሁለት እግር ገጥሞ፣ ጉልበት አጠፍ አድርጎ ማረፍን እናስተምራቸው። በአናት መገልበጥ ግን ይቅር፤ የአንገት ስብራት ዕድሜ ልክ ሊያስተኛ ይችላል። የጎረቤት ልጅም ልጃችን ነውና ያየ ሰው ዝም አይበል።