«ለምደነዋል» ለምንለው ሙቀት፦ ለቆቦና ለራያ ቆላ ነዋሪዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

የቆቦ ሰው ድርቅን ይፈራል። የጎሊናንና የሆርማትን ደራሽ ጎርፍ ይፈራል። አንበጣ ማሽላውን ምን እንደሚያደርገውም በ2013 ዓ.ም. መባቻ አይቶታል። ሙቀት ሲነሳ ግን «ቆላ ነን፤ ለምደነዋል» ብሎ ያልፋል። ይህን ማሳሰቢያ ያስጻፈን ያ ማለፍ ነው። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው ሙቀት መልመዱ እውነት ነው። ነፍሰ ጡር ግን ያንኑ ሙቀት ለሁለት ትሸከመዋለች፤ የትናንት ጨቅላ ደግሞ ገና ምንም አለመደም።

የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በ2020 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ ከ27 አገሮች 70 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ ግን ሙቀቱ 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያለ ወሩ የሚወለደውም፣ ሞቶ የሚወለደውም ሕፃን በ5 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ፅንሱ ሙቀቱን የሚያስወጣው በእናቱ ደም በኩል ነው። እናቲቱ ውሃ ሲያንሳት፣ ደሟም ቆዳዋን ለማቀዝቀዝ ወደ ውጭ ሲሄድ፣ ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ምጧም ያለ ቀኑ ሊመጣ ይችላል።

አባወራዎችና አማቶች ሆይ፣ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አዝላ የምትመጣውን ነፍሰ ጡር ተመልከቷት። ክፋት አይደለም፤ «እኛም እንዲሁ አርግዘን ነው የወለድን» ከሚል ልማድ ነው። ጄሪካኑ ከጀርባዋ ወርዶ አህያው ላይ ይጫን። አረሙና ኩትኳቶው ከማለዳው አይለፍባት። ሽንቷ ከጠቆረ፣ ራሷን ካዞራት፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ። ካህናትም ሸሆችም ነፍሰ ጡርና አጥቢ ከጾም ነፃ የምትሆንበት መንገድ እንዳለ ያውቃሉ። የሚያውቁትን በዐውደ ምሕረትና በመስጊድ ጮክ ብለው ይንገሩልን፤ ብዙ ሴት የምትጾመው የሚነግራት አጥታ ነው።

አራስ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ምች ይመታታል ተብሎ በሩም መስኮቱም ይዘጋል፤ ሕፃኑ በብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ይደረብለታል። ይህ ወግ ለላስታ ደጋ ብልህነት ነው። በቆቦ ቆርቆሮ ቤት፣ በግንቦት ቀትር ግን ልጁን ማፈን ነው። ጨቅላ እንደ አዋቂ በላብ ራሱን አያቀዘቅዝም። ደረቱና ጀርባው የጋለ፣ የፈዘዘ፣ ጡት የማይስብ ሕፃን ስታዩ ድርቡን ግፈፉለት፣ ነፋስ ወዳለበት ጥላ አውጡት፣ ጡት ስጡት። ትኩሳቱ እስኪበርድም ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በጨቅላ ላይ ትኩሳት ሁልጊዜ አደገኛ ምልክት ነው። ሌሊት ሲበርድ መልሳችሁ ሸፍኑት። ጠማው ብላችሁ ውሃ እንዳትሰጡት ግን አደራ። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ እስከ ስድስት ወር ይበቃዋል። ውሃ መጠጣት ያለባት እናቱ ናት።

አሁን ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቶች እንለፍ። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም መርፌው ሞቃት መደርደሪያ ላይ ሲሰነብት ኃይሉ ይሄዳል። መልኩ አይለወጥም፤ ብልቃጡም ያው ነው። አዋላጇ በትክክል ወግታ፣ በትክክል ጠብቃ፣ ደሙ አልቆም ሲላት መድኃኒቱ መሞቱን በምን ታውቃለች? በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ100,000 ወሊድ 412 እናቶች እንደሚሞቱ ተገምቶ ነበር፤ ከገዳዮቹ ቀዳሚው ይኸው የደም መፍሰስ ነው። መፍትሔው የሚከብድ አይደለም። የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀቱን የሚለካለት፣ የሚመዘግብለትም ባለቤት አለው። ኦክሲቶሲኑም እዚያው ይግባ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የተዘረፉ የወሎ ጤና ተቋማት ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለንና ሁሉን በአንድ ቀን አሟሉ አንልም። ይህን ግን ዛሬ ማድረግ ይቻላል።

ወባውም አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ወባ የነፍሰ ጡሯን ደም ያሳንሳል፣ ልጁንም ክብደቱ አንሶ እንዲወለድ ያደርጋል። በዚህ ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው አዲስ የወባ ትንኝ፣ እዚሁ ወሎ ባቲ ላይ ሳይቀር የተገኘችው፣ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ውስጥ ትራባለች። ድርቅን ፈርተን የምናጠራቅመው ውሃ ክዳን ከሌለው ለእሷ ቤት ሆነ ማለት ነው። አጎበሩ በቅድሚያ የነፍሰ ጡሯና የአራሷ ይሁን።

የዝናብ መዛባት ደግሞ ቁስሉ ረጅም ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ፣ ቆረም የዓለም መነጋገሪያ በሆነችበት ዘመን፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት የነበሩ የተጎዱ ልጆች ካደጉ በኋላ በቁመት ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር አጥረው መገኘታቸውን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ስለዚህ በልግ ሲከሽፍ የእርዳታ እህል መዝገብ ላይ ነፍሰ ጡርና አጥቢ ከፊት ይጻፉ። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ እናቶችና ሕፃናት በአየር ንብረት ዕቅዶች መዘንጋታቸውን አስጠንቅቀዋል። የወረዳውን ዕቅድ የያዛችሁ ሰዎች የእናንተንም ገልጣችሁ እዩት።

አንድ ነገር ቀን አለው። ሐምሌና ነሐሴ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ወንዞቹን ሲሞላ አምቡላንስ ማዶ ይቀራል፤ ከዞብል በኩል ላለች ምጥ የያዛት ሴት ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ ሞት ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ወራት የሚወልዱ እናቶች ሰኔ ሳያልቅ ወደ እናቶች ማቆያ ይግቡ፤ ወረዳውም ስንቃቸውን ከአሁኑ ያዘጋጅ። ስማቸው በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መዝገብ ላይ አለ።