ደፋር ወይስ ልበ ሙሉ?

በየወጣቶች ጉባኤው አንድ ስብከት እየተደጋገመ መጥቷል። ሰባኪው «ኮሬጅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያነሣና ሥሩ «ልብ» ማለት እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ቀጥሎም «ደፋር ትውልድ ሁኑ፤ ልባችሁ ያለውን አድርጉ» ብሎ ይደመድማል። ጭብጨባው ይቀልጣል። እኔ ከዚህ ስብከት ጋር ጠብ አለኝ። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ሲናገር ሰባኪው እውነቱን ነው። ወደ አማርኛ ሲያሻግረው ግን መንገድ ላይ የለወጠው ነገር አለ፤ ያ ለውጥ ደግሞ ለከላላና ለመካነ ሰላም ወጣት ቀላል አይደለም።

«ኮሬጅ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከድሮው ፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ልብ ማለት ከሆነው «ኮር» ከሚለው የላቲን ቃል አወጣው። እስከዚህ ድረስ ከሰባኪው ጋር አንድ ነን። ነገር ግን ከ600 ዓመት በፊት፣ ባለቅኔው ቾሰር በነበረበት ዘመን፣ እንግሊዞች «ኮሬጅ» ሲሉ ጀግንነትን ብቻ ማለታቸው አልነበረም። የሰው አሳብ፣ ስሜትና ምኞት የሚያድርበትን ውስጡን ሁሉ ይጠሩበት ነበር፤ መልካሙም ክፉውም ምኞት እዚያው ነበር። ጀግንነት የሚለው ትርጉም ብቻውን የቀረው ኋላ ነው። እንግዲህ «ቃሉ ልብ ማለት ስለ ሆነ ልባችሁን ተከተሉ» የሚለው ድምዳሜ ከዚህ ሥር አይበቅልም። ኤርምያስ በምዕራፍ 17 ስለ ሰው ልብ ተንኮለኛነት የተናገረውን የሚያውቅ ሰባኪ እንዴት እንዲህ እንደሚል ይገርመኛል።

የእንግሊዝኛው ዘመዶችም ንጹሕ ታሪክ የላቸውም። «ብሬቭ» የሚለው ቃል «ብራቮ» ከሚለው ከጣሊያንኛው የመጣ ነው፤ ጣሊያኖቹ በዚያ ቃል ጨካኙንና በገንዘብ ሰው የሚገድለውን ቅጥረኛም ይጠሩበት ነበር። «ቦልድ» ዛሬም ዓይን አውጣ ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልጆቻችን «ቦልድ ነኝ» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደ ሆነ እኔ ሁልጊዜ አይገባኝም። እነርሱም የሚገባቸው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። ሰባኪው «ኮሬጅ»ን «ድፍረት» ሲል ተረጎመው። «ደፈረ» የሚለውን ግሥ ግን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። «ደፈረ» ሲባል ሰሚው ወዲያው «ማንን? ምንን?» ብሎ ይጠይቃል። ታላቁን ደፈረ፤ ሕግ ደፈረ፤ ድንበር ደፈረ፤ ልጅቱን ደፈረ። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 620 በሴት ላይ የሚፈጸመውን ያንን ክፉ ነገር የጠራው «አስገድዶ መድፈር» ብሎ ነው። በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በሚል ስም የወጣውን ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የተሠራው በጠለፋ ተወስዳ ጠላፊዋን በገደለች በአንዲት የ14 ዓመት ልጅ እውነተኛ ታሪክ ላይ ነው። ርእሱ ሁለቱንም ይይዛል፦ የተፈጸመባትን ግፍም፣ እርሷና ጠበቃዋ ያሳዩትን ጀግንነትም። አንድ ቃል ጠላፊውንም ተጠላፊዋንም ሊገልጽ ከቻለ፣ ወጣቱን ዝም ብሎ «ደፋር ሁን» ማለት ምን ማዘዝ ነው?

«ልበ ሙሉ» ስንል ግን «ማንን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልበ ሙሉነት የሚወድቅበት ሌላ ሰው አይፈልግም። እናቶቻችንም የሚፈነጥዘውን ጎረምሳ «ልብ ግዛ» ይሉታል እንጂ «ልብህን ተከተል» አይሉትም። ልዩነቱን በአንድ ጥያቄ ማወቅ ይቻላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በድፍረት ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የተደፈረው ነው። በልበ ሙሉነት ግን ባለቤቱ ራሱ ይከፍላል።

«መጽሐፍ ቅዱስም ድፍረት ይላል» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ይላል። በ1954ቱ ትርጉም፣ በመዝሙር 19፣ ዳዊት እንዳይገዛው የለመነበት የኃጢአት ዓይነት የድፍረት ኃጢአት ተብሏል። በ1ኛ ዮሐንስ 4 ደግሞ ፍቅር በፍርድ ቀን ድፍረት ይሰጠናል። ያኛው ግን የተጠራ ልጅ ወደ አባቱ ሲገባ ያለው ድፍረት ነው፤ በጎረቤት ላይ የሚወጣ አይደለም። ከሁሉ የሚደንቀኝ የሐዋርያት ሥራ 4 ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ በሸንጎ ፊት የተናገሩበትን መንገድ ብዙ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች «ቦልድነስ» ይሉታል። የእኛ ተርጓሚዎች ግን «በግልጥ»፣ «ግልጥነት» አሉ። የግሪኩ ቃል «ፓረሲያ» ነው፤ ሁሉን መናገር ማለት ነው፤ በአቴና ጉባኤ የአንድ ዜጋ በነጻነት የመናገር መብት የሚጠራበት ቃል ነበር። የ1954ቱ ተርጓሚዎች ከእኛ ሰባኪ የተሻለ አማርኛ ያውቁ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ደግሞ ነገሩን ልብ በሉ፤ ሥልጣኑ ያለው በሸንጎው እጅ ነው፤ ሁለቱ ሌሊቱን ያደሩት በእስር ነው። የተከሰሱትም አንድ ሽባ ስለ ተፈወሰ እንጂ ማንንም ስለ ሰደቡ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የማነሣው በሰፈራችን ስለማየው ነገር ነው። እኛ በዚህ ደጋ ጥቂት ነን። ጎረቤታችን ሙስሊም ነው፣ አለዚያም ኦርቶዶክስ ነው፤ አጎታችን፣ የአክስታችን ባል፣ ሬሳ የምንሸከምለትና የሚሸከምልን የቅሬ አባል ነው። በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ይዞ የእነርሱን ጸሎትና ጾም ማንኳሰስ «የወንጌል ድፍረት» እየተባለ ነው። ቃሉ እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታውን አግኝቷል፤ በእርግጥም ድፍረት ነው። ወንጌሉ ግን የት አለ?

ወሎ ይህን ዓይነቱን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። ሼኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሳሰሉ እምቢ አሉ፤ አገር ጥሎ የተሰደደውም ብዙ ነው። በዚያ ዘመን በክርስቶስ ስም የሚደፍረው ሰይፍ የያዘው ነበር። በቃሉ ጸንቶ መከራ የተቀበለውን ሰው ሃይማኖቱ የእኛ ስላልሆነ ብቻ ልበ ሙሉ አልነበረም ማለት አልችልም። የዚያ ትዝታ ልጆች በሆኑ ሰዎች ጆሮ ላይ የድምፅ ማጉያችን ምን እንደሚመስል አስቡት።

«ታዲያ ዝም እንበል?» አይደለም። ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 17 በአቴና ጣዖታቱን አይቶ መንፈሱ ተበሳጭቶ ነበር፤ አፉን ሲከፍት ግን በአክብሮት ጀመረ፤ የክርስቶስንም ትንሣኤ ሳይደብቅ ተናገረ። ሳቁበት፤ የተሳቀበት እርሱ ነው።

ከእኛው ዘመን አንድ ሰው ልጥቀስ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ ከዚያ በፊት አስሯቸው ነበር። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው፣ መንጋዬን በመከራ ጊዜ ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተጠልፈው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ለ10 ዓመት ያህል ታሰሩ። እዚህ ውስጥ የተደፈረ ጎረቤት ፈልጉ፤ አታገኙም። ሁሉንም የከፈሉት እነርሱ ናቸው።

እኛም የምንከፍልበት ቦታ አጥተን አይደለም። በገበያ የሚጮኸው ወጣት የገዛ እኅቱ ገና በ14 ዓመቷ ልትዳር ስትል በቤት ውስጥ ቃል አይተነፍስም። አባቱን ያፈራል፤ የሽማግሌዎቹን እርግማን ይፈራል፤ የተበላ ድግስ ይፈራል። ሕጉ ከእርሱ ጋር ቆሞለታል። በድሮው ሕግ የጠለፈ ሰው ልጅቱን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቶታል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻም ያስቀጣል። ጆሮ ገብ ድምፅ ማጉያ ካለን፣ አባታችንን ቁጭ አድርገን በአክብሮት «አባዬ፣ ይህቺ ልጅ አትዳርም» የምንልበት ትንሽ ድምፅ እንዴት ጠፋን? የማይጨበጨብለት ግልጥነት ይህ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ቃል አለ። ዮሐንስ 16 ላይ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ያለውን ብዙ እንግሊዝኛ ትርጉሞች «ኮሬጅ ያዙ» ይሉታል፤ የእኛው «አይዞአችሁ» አለው። እንግሊዝኛው ለብቻ የሚያዝ ነገር ያስመስለዋል፤ «አይዞህ» ግን ሌላ ሰው የሚለው ቃል ነው። ወሎዬ መጠጊያ ያጣውን ሰው «አይዞህ ባይ የለውም» የሚለውም ለዚህ ነው። የልጅቱ ልብ የሚሞላው አጠገቧ የሚቆም ሲኖር ነው፤ ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ብቻዋን አትሄድም፤ የክፍል ጓደኛዋ፣ የመዘምራን ቡድኗ፣ ወንድሟ አብሯት መሄድ አለበት። በኋላም የዘመድ ኩርፊያ ሲመጣ አብሯት የሚኮረፍ ያስፈልጋል።

ጥር እየደረሰ ነው፤ በየሰፈሩ የሰርግ ወሬ ተጀምሯል። ከትምህርት ገበታ ሊነሡ ያሉትን ልጆች ስም ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።