ጋዜጣውን ለባሕረኛው

የዋተርሎው ድል አድራጊ ዱክ ዌሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1816 ሠዓሊ ዴቪድ ዊልኪን ሥዕል ሲያዝዘው የፈለገው ቀላል ነገር ነበር፦ መጠጥ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው የድሮ ወሬ የሚያወጉ ጡረተኛ ወታደሮች። ዊልኪ ግን ወሬ ብቻ ሥዕል አይሆንም ብሎ ላንዱ ጋዜጣ አስያዘው። የድሉን ዜና አንዱ ሲያነብ ሌላው አንገቱን አስግጎ ይሰማል፤ ሥዕሉ በ1822 ለሕዝብ ሲቀርብ ግፊያው በዝቶ በአጥር መከለል ግድ ሆነ። ዱኩ 1,200 ጊኒ ከፈለበት። ኋላም የዊልኪ ወዳጅ ጆን በርኔት የግሪንዊች ጡረተኛ ባሕረኞች የትራፋልጋርን የባሕር ውጊያ ሲዘክሩ ሣለ፤ ዱኩ ያንንም ገዛ።

ጄኔራሉ የጠፋበት የድል ሥዕል ነው፤ እኔ የምወደው ለዚህ ነው። ዜናውን የሠሩት እንደ ጡረተኞቹ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ግን እንደማንኛውም ሰው ከጋዜጣ ይሰሙታል።

እዚህ ኩዌት፣ ሪቃይ ሰፈር፣ እኛ ኢትዮጵያውያን አርብ ቀን ስንሰባሰብ ጋዜጣ የለም። አንዷ የአገር ቤቱን ዜና ከስልኳ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ቡና የምታፈላው «ቆይ እስቲ፣ ድገሚልኝ» ትላለች። ዊልኪ ቢኖር ሥራ አያጣም ነበር።

ኩዌቶች ግን ኑሯቸውን የሚሥልላቸው ሰው በማግኘት ታድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1946 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ እስኪጀምሩ ድረስ ኑሯቸው ባሕር ነበር፦ በበጋ ዕንቁ ጠልቆ ማውጣት፣ በክረምት የባስራን ቴምር ጭኖ እስከ ሕንድና ዛንዚባር መጓዝ። ከባሕር የተመለሰውም ሰው ብዙ ጊዜ በዕዳ ይመለስ ነበር። ሠዓሊው አዩብ ሑሴን (እ.ኤ.አ. 1932–2013) ያንን የድሮ ኑሮ ዕድሜውን ሙሉ በሥዕል አስቀርቶላቸዋል።

የኛስ? ዓድዋን በፈረስም በጊዮርጊስም ሥለነዋል፤ ደግ አድርገናል። የባሕር ኃይላችንን ሰው ግን ማን ሣለው? ግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቹን ይዘው ወደ የመን ስለተሻገሩት መርከበኞች የሚናገር ሸራ እኔ አላየሁም። መጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ መጥተው ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ስምምነት ሲፈረም፣ ዜናው ለነዚህ ሰዎች እንዴት እንደደረሳቸው አስቡት።

ሸራ ያለው ሠዓሊ ካለ ቦታውን እጠቁመዋለሁ፦ አራት ኪሎ፣ ሰዎች ጋዜጣ እየተከራዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያነቡበት የነበረው። ሽበታሙ የቀድሞ ባሕረኛ ዜናውን ይይዝ። ከአጠገቡ ያለው የሥራ ማስታወቂያ ፈላጊ ወጣት «አባባ፣ ያቺን ገጽ ሲጨርሱ ለኔ» ይበለው። አከራዩም ቆሞ ሰዓቱን ይይ፤ ጊዜው ካለፈ ጭማሪ መጠየቁ አይቀርምና።