የአምባሰል ሰማይ፣ ብላክ ሆልና ኢንተርኔት

መስከረም ላይ ደመናው ሲገፈፍ፣ ሐይቅ ከተማ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀና ብላችሁ እዩ። ያ ነጣ ያለ ጉም የሚመስለው የራሳችን ጋላክሲ ነው። መሃሉም በዚያው በኩል ነው። እዚያ፣ 26 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ፣ ፀሐይን 4 ሚሊዮን እጥፍ ገደማ የሚመዝን ብላክ ሆል አለ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በጋላክሲ መሃል ኮከቦች በብዛት ሲወለዱ ብላክ ሆሉም አብሮ ያድጋል ወይ? የሁለቱም ቀለብ ጋዝ ነው። ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ሁለቱም ጣራ ነክተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አብረው ወርደዋል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ግን «አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ» ሲባል ይጠረጥራል። ሐይቁን አስቡት። የላይኛው ገበሬ ውሃውን ለመስኖ ከጠለፈው፣ ታች የሚደርሰው ትራፊው ነው። ጋዙም እየተሽከረከረ ስለሚመጣ በቀጥታ አይወድቅም፤ ብዙ ጊዜ ከመሃሉ ወጣ ብሎ ቀለበት ይሠራና እዚያው ኮከብ ይሆናል። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂቱ ነው። ደግሞ ሐይቃችን የመጣለትን ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ብላክ ሆል እኮ እየበላ ይተፋል! ከዙሪያው የሚነሳው ኃይለኛ ንፋስ ጋዙን አባርሮ የኮከቦችን መወለድ ሊያስቆም ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ጋዙን አምቆ ያፋጥነዋል።

እዚህ ላይ አገራችንም ስም አላት። በኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ሰርቢያዊቷ ሚርያና ፖቪች፣ ከአንቷን ማሆሮና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ኮከብ መውለድ እየቀነሱ ነው የሚባሉ ጋላክሲዎችን አወዳድረዋል። ብላክ ሆላቸው የሚበላው ቀድመው ይመክናሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከሌሎቹ በልጠው ሲወልዱ ተገኙ። እኔ ግን ውጤቱን ለሁሉም ጋላክሲ አልዘረጋውም፤ የተመረጡት በኢንፍራሬድ የሚደምቁት፣ ማለትም ቀድሞውንም አቧራና ጋዝ ያልጎደላቸው ናቸውና።

ልብ በሉ፣ ይህ የተሠራው እንጦጦ ባሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አይደለም። ሌሎች በሰበሰቡት ዳታ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዳታ አብዛኛው በነፃ ይወርዳል። ስለዚህ የአምባሰል ልጅ ለመጀመር የሚያስፈልገው ላፕቶፕና ኢንተርኔት ነው። በክልሉ ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። የስፔስ ምርምር በጀት ሲወራ ስለ ሳተላይትና ቴሌስኮፕ እንጂ ስለዚህ ኪሳራ ሲነሳ አልሰማሁም።